መንገሻ ካቴና በጥሷል

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ…» ከማለታቸው ስልኩ ጮኸ። ስልኩ የእናቷ ነው፤ የያዘችው ግን ሔራን ነበረች፤ ያለችውም መኝታ ቤት ውስጥ በሩን በሁለት ጣት ያህል ገርበብ አድርጋ። የምትለመን ልጅ ሳሎን ብቅ አትልም፤ መስማት ግን ማንም አልከለከላትም። ቁጥሩን አታውቀውም። አባቷ ከሰው ስልክ የደወለ መስሏት አረንጓዴውን ነካችው። ስልኩ ጠዋት መዝሙር ሲጫወትበት ከነበረው ከሳሎኑ ትልቅ ስፒከር ጋር ተገናኝቶ መቅረቱ ትዝ ያላት ከነካችው በኋላ ነው። የማታውቀው ሰው ድምፅ መስታወቱን እያንቀጠቀጠ ቤቱን ሞላው።

«እህቴ፣ ቢንያም ነኝ፣ ከላንድማርክ። አትደንግጪ። መንገሻ ካቴና በጥሷል። ሃይዌይ ላይ ነው የቆመው፤ ጎትተው ነው ያመጡልኝ። ቴስታም መትቷል፤ ምን ያህል እንደመታ ገና እያየሁ ነው። ካልሆነ ራሱን ማውረዴ ነው። ከጎማ ቤቱ ጀርባ ነን። ቅዳሜ ስለሆነ ቶሎ እንዘጋለን፤ መምጣት ከፈለጋችሁ አሁን ኑ።» ከኋላው አንድ ነገር እንደ አውሎ ነፋስ እየጮኸ ስለነበር መልስ አልጠበቀም። ተናግሮ ዘጋው።

እዚህ ላይ የሰውየውን ጠባይ መናገር ግድ ነው። ቢንያም መካኒክ ነው፤ መኪናን ሁሉ የሚጠራው ደግሞ በባለቤቱ ስም ነው። «መስፍን ዘይት ይጠጣል» ካለ የመስፍን መኪና ነው። «አሰፋሽ ጠዋት ጠዋት ታጨሳለች» ብሎ ለአሰፋሽ ባል በስልክ የነገረው ዕለት ትዳር ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እሱ ግን ከዚያም አልተማረም። ካቴና የሚለውም ጋራዥ ውስጥ ሌላ ነው፤ የሞተሩን የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ጋር አያይዞ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። ቴስታም የሞተሩ ራስ ነው። መካኒኮቻችን ከጣሊያን ወስደው እስከ ቨርጂንያ ድረስ ይዘውት የመጡት ቋንቋ ነው። ከጋራዥ ውጪ ግን ካቴና ማለት ፖሊስ እጅ ላይ የሚያስገባው ነው፤ ቴስታም የሰፈር ጉልቤ በግንባሩ የሚያቀምሰው። ሃይዌይ ላይ የቆመው እንግዲህ የሔራን አባት መንገሻ ሳይሆን አሮጌ የናፍጣ ቫኑ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ በዚያ ሳሎን ውስጥ ጋራዥ ያደገ ሰው አልነበረም።

ሳሎኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቅናሽ የተገዛ ነጭ ሶፋ አለው፤ የዋጋው ወረቀት ከሥሩ እስካሁን አልተላጠም፤ እናቷ፣ የወይንሐረግ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዳይታይባት እግሯን እዚያ ላይ ታደርጋለች። ወንበር ስላነሰ መንገሻ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ካለ ዘመዱ ቤት ታጣፊ ወንበር ሊያመጣ በጠዋት በቫኑ ወጥቶ ነበር፤ እንደወጣ ቀረ። ሽማግሌው ጋሽ ኃይለመለኮት ደግሞ ወንበር ሞልቶ ቢተርፍም አይቀመጡም። መልስ ያላገኘ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ሐውልት ምንጣፉ መካከል ቆመዋል። አብረዋቸው የተላኩት ጋሽ ማሙሽ ከታች ፓርኪንግ ፍለጋ ሕንፃውን እየዞሩ ነበር። ጋሽ ማሙሽ ስድሳ ሊሞላቸው ነው፤ ማሙሽ የሚለው ስም ግን እስካሁን አልለቀቃቸውም።

እናቷ ከኩሽና በፎጣ እጇን እየጠረገች ወጣች። «ምን በጠሰ አለ?»

«ካቴና» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት። ሮክቪል ውስጥ ቤት ሻጭ ስለሆኑ መጥፎ ነገር ማሳመር ያውቁበታል፤ ምድር ቤቱ ውሃ የሚያስገባውን ቤት «ቀዝቀዝ ያለ» እያሉ ነው የሚሸጡት። «እንግዲህ በመልካም ጎኑ ካየነው፣ ጤናና ጉልበት እንዳለው ያሳያል።»

«መንገሻ ጉልበት? የጁስ ክዳን እንኳ የምከፍትለት እኔ ነኝ እኮ ጋሼ።»

ስልኳን በመኝታ ቤቱ በር ክፍተት ከልጇ ተቀብላ ደወለችለት፤ የእሱ ስልክ ከሶፋው ትራስ ሥር ጮኸ። ላንድማርክ ላለው ሰው መልሳ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ለራሷ እንደምታወራ ሆና «ሐበሻ ፖሊስ ነው የያዘው፤ እህቴ ብሎ ነው የጠራኝ። የኛ ልጅ መሆኑም አንድ ነገር ነው» አለች። ሔራን ያን ጊዜ ወግ ማዕረጉን ትታ ከመኝታ ቤት ወጣች። እናትና ልጅ ተያዩ። ሁለቱም የሚያስቡት ስለ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም መንገሻ አልነበረም፣ ወይዘሮ ታደለች ነበሩ።

ወይዘሮ ታደለች ሽማግሌ የላከው የአክሊል እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ መጥተው ግሪንቤልት ልጃቸው ቤት ከርመዋል፤ ነገ ይበራሉ። «የልጄን መልስ ሰምቼ ነው አውሮፕላን የምወጣው፤ ካልሰማሁ ግን ነገሩ እግዜር ያልፈቀደው ነው ብዬ እዘጋዋለሁ» ብለዋል፤ ሲዘጉ ደግሞ እንደ ባንክ በር ነው የሚዘጉት። ሔራን አክሊልን ትወደዋለች፤ አክሊል እናቱን ይፈራል። ዛሬ «እሺ» ካልተባለ፣ ይባስ ብሎ «አባትየው ፖሊስ በቴስታ መታ» ከተባለ፣ የሔራን ነገር አብሮ ተሳፍሮ መሄዱ ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት የወይዘሮ ታደለች ወንድም ስለሆኑ የሚሆነውን ሁሉ እየጻፉ እንዲልኩላቸው ታዘዋል። አሁንም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ሔራን አየች።

«ጋሽ ኃይሌ፣ እንሂድ» አለች ቶሎ ብላ። «እዚያ ሄደን አይተን ይጽፋሉ።»

«ልክ ነሽ፤ ንብረቱን ሳያዩ ስለ ንብረቱ አይጻፍም።»

ሲወርዱ ጋሽ ማሙሽ መኪናቸውን ገና ማስገባታቸው ነበር፤ ከሕንፃው በር ፊት ለፊት፣ ጥላ ሥር፣ ያውም በነፃ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራል። ወደ አሌክሳንድሪያ እንደሚሄዱ ሲነገራቸው ግን መሪውን አጥብቀው አቀፉት። «እስረኛው የትም አይሄድም» አሉ በመጨረሻ፤ «ይሄን ፓርኪንግ ግን ዳግመኛ አላገኘውም።» ለማሳመን የወይንሐረግ ማልቀስ ነበረባት፤ ማልቀሱም አላስቸገራትም፤ ቀድሞውንም ልታለቅስ ነበር።

ጋሽ ኃይለመለኮት መልስ ሳያገኙ መቀመጥ ከብዷቸው ነበር፤ ነገር ግን መኪና ውስጥ ቆሞ መሄድ ስለማይቻል ከሔራን ጋር ከኋላ ተቀመጡ። የቀለበቱን መንገድ እንደያዙ በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። ሔራን ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ በጎን ታነባለች። «አባትየው» የሚለውን ጽፈዋል። «ካ» አሉ። «ቴ»ን ፍለጋ የስልኩን ፊደል እንደ ጠፋ መርፌ ማሰስ ያዙ።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ሮክቪል አሁን ቤት ለመግዛት ጥሩ ጊዜ ነው እንዴ?»

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ሰውየው ይህን ጥያቄ ተጠይቀው መልስ የማይሰጡት ቢሞቱ ብቻ ነው። ስለ ወለዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት ስላለውና ሦስተኛ ስለሚወጣው ቤት እያወሩ ወደ ቨርጂንያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ደረሱ። ወይዘሮ ታደለች አንዴ ደውለው ነበር፤ ጋሽ ኃይለመለኮት «ገና መግባታችን ነው፣ አሁን ልጀምር ነው» አሉና ዘጉባቸው። የወይንሐረግ ከፊት ወንበር አንድም ጊዜ ዞር አላለችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንንም ሳታይ፣ «ያንን የናፍጣ መኪና አትግዛ ብዬው ነበር፤ የያዘው ሰው ሁሉ ጠባዩ ይቀየራል» አለች።

ከጎማ ቤቱ ጀርባ ፖሊስ ጣቢያ አልነበረም። ሰፊ በር ያለው ጋራዥ ነበር፤ ውስጡ የቤታቸው ነጭ ቫን ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። «መኪናውንም ይዘውታል» አለች የወይንሐረግ። እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ሰው ወጣና ልብሳቸውን አየ፦ ሁለት ሱፍ፣ አንድ የሐበሻ ቀሚስ፣ አንዲት ፀጉሯን የተሠራች ልጅ።

«የመንገሻ ቤተሰቦች ናችሁ?»

«ሚስቱ ነኝ። በሕይወት አለ?»

«እሱን እኮ ነው እያየሁ ያለሁት። ታችኛው ክፍሉ ደህና ይመስላል፤ ችግሩ ራሱ ላይ ነው። ዘይቱን አፍስሼዋለሁ፤ ብረት አለበት።»

የወይንሐረግ ጎማ ክምር ተደገፈች። ጋሽ ኃይለመለኮት «ዘይቱን?» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይኼኔ ከቫኑ ጀርባ መንገሻ በአንድ እጁ ታጣፊ ወንበር፣ በሌላው የተገመሰ ዶናት ይዞ ብቅ አለ። ሚስቱን ሲያይ ዶናቱን ደበቀ። «ወይኔ፣ አትቆጪ» አለ። «እኔ ልነግርሽ ፈርቼ ነው እሱን ደውል ያልኩት።»

ሚስቱ ሁለት እጆቹን ይዛ አንጓዎቹን ገልብጣ አየቻቸው፤ ምንም የለም፣ ስኳር ብቻ ነው። ግንባሩንም አየች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻውን አንድ ጊዜ ገረፈችውና ዞር ብላ ቆመች። ነገሩ ሲጣራ ጋሽ ማሙሽ ከሳቁ ብዛት ጎማ ላይ ተቀመጡ። ቢንያም ብቻ የሚያስቀው አልገባውም። «ምን ተሳሳትኩ? መንገሻ ካቴና አልበጠሰም?» እያለ ቫኑን በጣቱ ያሳያል።

ጋሽ ኃይለመለኮት ግን አልሳቁም። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ መለሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ…»

«ጋሽ ኃይሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ መንገሻ። «ዛሬ አይሆንም።»

«አባዬ!» አለች ሔራን፤ እናቷ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

«እኔ ሰው የማመላልሰው በዚህች መኪና ነው። ከሞተች ሥራ የለኝም። ልጄን የምድራት ሥራ ያለኝ ሰው ሆኜ፣ ቀና ብዬ ነው። የሞተሩ ነገር ይታወቅ፣ ከዚያ መልስ እሰጣለሁ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚታወቀው?» አለች ሔራን ለቢንያም።

«ሰው ካገዘኝ ዛሬውኑ። ረዳቴ ቀርቷል።»

እንዲህ ሆኖ ነው የሽምግልናው ቡድን ጋራዥ የተቀጠረው። ቢንያም የላይኛውን ክዳን ቀድሞ አንስቶት ነበር። ካቴናው እንደ ተገደለ እባብ ተጋድሟል፤ የሚመራው ፕላስቲክ ተሰባብሯል። ነገሩን በሁለት እጁ አስረዳቸው፤ ቀኝ ቡጢው ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለሰው ፒስቶን፣ የግራ ጣቶቹ የአየሩንና የጭሱን መተላለፊያ የሚከፍቱና የሚዘጉት ቫልቮላዎች። ካቴናው ሳለ አንዱ ሲወጣ አንዱ እየሸሸ ተግባብተው ይኖራሉ። ካቴናው ሲበጠስ የላይኛው ይቆማል፣ የታችኛው ግን ያልሰማ ሰው ነው፣ ይቀጥላል። ቡጢው ወጥቶ ጣቶቹን ገጨ። «ያኔ ነው ቴስታ የሚማቱት» አለ። «አሁን የምንፈልገው ማን ተጎዳ የሚለውን ነው። ፒስቶን ከተበሳ ሞተሩ ሞቷል። ቫልቮላ ብቻ ከተጣመመ ይድናል።»

ጫፉ ላይ መብራት ያለው የገመድ ካሜራ በጠባብ ቀዳዳ አስገባ። ሁሉም ትንሿ ስክሪን ላይ ተጠጋጉ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት።

«አንደኛው ፒስቶን።»

«ወንድ ነው ሴት?» አሉ ጋሽ ማሙሽ፤ የወይንሐረግ ሳትፈልግ ሳቀች። በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ሔራን ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው፤ ጥቁር ጉድጓድ በካሜራ ማየት የቀን እንጀራዋ ነው። ፒስቶኑ እንደ መንጋጋ ጥርስ ታያት፤ ጥላሸት አለው እንጂ ጉዳት የለበትም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ላይ በጥፍር የተነካ ሊጥ የሚመስል፣ የማጭድ ቅርጽ ያለው ምልክት አየችና «እዚህ ጋ» ብላ በጣቷ አሳየች። ቢንያም ካሜራውን ወደ ኋላ ወደ ፊት አደረገው። «ተነክቷል፤ ግን አልተበሳም። ዓይን ግን አይበቃም። በአየር እንፈትነዋለን።»

የላይኛውን ዘንግ ስላወጣው ቫልቮላዎቹ ሁሉ መዘጋት አለባቸው፤ እያንዳንዱ የፒስቶን ቤት ውስጥ አየር ሲገፋ በአንድ በኩል ከወጣ እዚያ ያለው ተጣሟል ማለት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጆሮ ነው። የወይንሐረግን የዘይት መጨመሪያው ጋ፣ ጋሽ ማሙሽን የአየር ማስገቢያው ጋ አቆማቸው። የቀረው ከኋላ ያለው የጭስ ማውጫ ነበር። ጋሽ ኃይለመለኮት ሱፋቸውን አዩ፤ ሲሚንቶውን አዩ። «እኔ እኮ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት» አሉ። ቢንያም «ለዚህ ነው፤ ሽማግሌ ማዳመጥ ይችላል» አላቸው። ሽማግሌው መሐረባቸውን አነጠፉ፣ በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ጆሯቸውን ለጭስ ማውጫው ሰጡ። ሔራን የአየሩን መክፈቻ እንድትይዝ ተደረገች። አንደኛው ዝም። ሁለተኛው ዝም። ሦስተኛው ዝም። አራተኛው ላይ ቢንያም የአየር ቱቦውን ገጥሞ «ክፈቺ» አላት፤ ከፈተችው፤ ኮምፕረሰሩ መጮህ ጀመረ።

ያን ጊዜ መንገሻ ወንበሮቹን ይዞ በቫኑ ጀርባ በኩል ዞረ። አየና ደርቆ ቀረ። አንድ የተከበሩ ሰው፣ ባርኔጣቸው መሬት ላይ፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ጫማው ሥር ተንበርክከዋል። ሰው እግሩ ሥር ሲወድቅበት ችሎ ቆሞ የሚያይ አባት የለም። ወንበሮቹ ከእጁ ወደቁ።

«ኧረ በማርያም፣ ጋሽ ኃይሌ፣ ይነሡ። ይሄን ያህል አላደርስዎትም። እሺ፣ ሰጥቻለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ይነሡልኝ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት አንድ ጣታቸውን አነሱ። «ዝም ይበሉኝ፤ እየሰማሁ ነው።» ከዚያ ወደ ፊት ጮኹ፦ «ቢንያም፣ እዚህ በኩል ይተነፍሳል።»

ሔራን አየሩን ዘጋችው። ጆሮዋ ግን አልተዘጋም፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። «ሰጠ» አለች። «አባዬ ሰጥቻለሁ አለ።»

ሽማግሌው ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ፤ አንድ ጆሯቸው ዙሪያውን ጠቁሯል። «ምን ሰጠ?»

«እየለመኑኝ አልነበረም?» አለ መንገሻ።

«ጭስ ማውጫ እያዳመጥኩ ነበር።»

«እንግዲያስ አልተቆጠረም።»

«አይቆጠርማ» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮትም። «ሳልለምን የተሰጠኝን ለታደለች ምን ብዬ እነግራታለሁ? ነፃ ቤት ሲሰጡህ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው።» ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የተስማሙት በዚህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሔራንን የሚቀብር ነገር ሆነ። ጋሽ ማሙሽ ሰዓታቸውን አዩ። ቢንያም በሩን ሊዘጋ ቁልፉን ፈለገ።

ሔራን የአየሩን መክፈቻ አሁንም እንደያዘች ነበር። «ቢኒ» አለች፣ «አራተኛው አንዴ ቢደገም አይሻልም?»

ቢንያም አያት። መንገሻን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፤ የሰው ስም ከመኪና ስም አይለይም እንጂ ሞኝ አይደለም። «ይደገም» አለ። «አንዴ ተሰምቶ ራስ አይወርድም። ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት ተነፈሱ፣ መሐረባቸውን መልሰው አነጠፉ፣ ተንበረከኩ። ሔራን ግን አልከፈተችም።

«አየሩስ?» አሉ ከታች።

«እየመጣ ነው» አለች።

አልመጣም። ሽማግሌው ጭስ ማውጫውን አዩ። ከፊታቸው የቆሙትን የመንገሻን ጫማዎች አዩ። ከቫኑ ጎን አንገቷን አውጥታ በዓይኗ የምትለምናቸውን ልጅ አዩ። እኚህ ሰው ስንት ዓመት ቤት ሸጠዋል፤ ገዢው እግሩን ደጃፉ ላይ ሲያደርግ ያውቃሉ። ከአዳምና ከሔዋን የሚጀምር፣ ለሳምንት ያጠኑት ንግግር ነበራቸው። ሁሉንም ተዉት።

«አቶ መንገሻ» አሉ ከዚያው ከወደቁበት፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንለምናለን።»

«መጀመሪያ ይነሡ።»

«መልስ ሳላገኝ አልነሣም።»

«ሞተሩ ገና…»

«አልሞተም» አለ ቢንያም ኮፈኑ ውስጥ እንደተደፋ። «አራተኛው ላይ የጭስ ቫልቮላ ተጣሟል። ራሱ ይወርዳል፣ ካቴናና ቫልቮላ ይቀየራል፤ የቀረው ደህና ነው። ሥራ ያለህ ሰው ነህ።»

መንገሻ ቫኑን አየ፣ ሚስቱን አየ። የወይንሐረግ እጆቿን ዘይት በነካው ነጠላ ላይ አጣጥፋ ትጠብቀዋለች።

«እሺ» አለ። «ሰጥቻለሁ። አሁንስ ይነሡ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት አልተነሡም።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ሰጠሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። እየሞከርኩ ነው።» አንዱ ጉልበታቸው ተቆልፏል።

ሔራን መክፈቻውን ጥላ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሰጠቻቸው። በአንድ እጃቸው የቫኑን መከላከያ፣ በአንድ እጃቸው እሷን ይዘው በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉባት፤ ከባድ ሰው ናቸው፣ ቁርሳቸውንም በደንብ የበሉ ይመስላል። ተንገዳገደች፣ ግን አልወደቀችም። ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላም ትከሻዋን ቶሎ አልለቀቁትም፤ እንደ ግድግዳ ጫን ጫን አድርገው ሞከሩትና ወደ ጋሽ ማሙሽ ዞሩ።

«መሠረቷ ጥሩ ነው» አሏቸው።